ከቀኙ ወንበር ወደ ኋላ መቁጠር፦ የአብራሪነት ሥልጠና እና የመጀመሪያው አየር መንገድ ምርጫ

ልጃቸው አብራሪ እንዲሆን የሚመኙ አንድ አባት በቅርቡ «አዲስ አበባ ከሚማር ፍሎሪዳ ቢማር አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከጀርባው ግን ለሽያጭ የታሰበ ቤት ነበረ። እኔም በመልሴ ስለ ትምህርት ቤቶቹ አላነሣሁም። «ልጁ ሲመረቅ በማን አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ላይ ሊቀመጥ አስቧል? በዚያ አገር ተቀጥሮ የመሥራት መብትስ አለው?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ከሄደ በኋላ አንድ ነገር አይጠፋም» አሉ።

ቀኝ ወንበር ማለት በአውሮፕላን ማብረሪያ ክፍል ውስጥ ረዳት አብራሪው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ የግራው የካፒቴኑ ነው። ማንኛውም የአየር መንገድ አብራሪ ሥራ የሚጀምረው በዚህ በቀኙ ወንበር ነው። በእኔ እምነት የሥልጠና መንገድ መመረጥ ያለበት ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው፦ ወንበሩን የሚሰጠው ማን ነው፣ የሚጠይቀው ወረቀትና የበረራ ሰዓት ስንት ነው፣ ያንን ወረቀት የሚሰጠው የት አገር ነው፣ ስንት ያስከፍላል፣ ገንዘቡስ የማን ነው? ብዙ ቤተሰብ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ይመርጥና ስለ ወንበሩ የሚያስበው ከምረቃ በኋላ ነው።

ስለ ወረቀቶቹ እንጀምር። ሠልጣኙ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ከአገር አገር ብዙም አይለያዩም፤ አገሮች ሕጋቸውን የሚቀርጹት የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማለትም ኢካኦ ባወጣው መሥፈርት ላይ ተመሥርተው ነውና። መጀመሪያ የግል አብራሪ ፈቃድ አለ፤ በዚህ ፈቃድ ወዳጅ ዘመድን አሳፍሮ መብረር ይቻላል እንጂ ደመወዝ አይበላበትም። ቀጥሎ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይመጣል። ኢካኦ ለዚህ ቢያንስ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሥልጠናው እውቅና ባለው ትምህርት ቤት በተያያዘ ፕሮግራም ከተሰጠ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 150 ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ አድማሱ በደመና ሲሸፈን በመሣሪያ ብቻ የመብረር ብቃትና ሁለት ሞተር ያለውን አውሮፕላን የማብረር ብቃት ይታከላሉ። በመሰላሉ ጫፍ ያለው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ነው፤ ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገው ይህ ሲሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ በተጨማሪ በአንድ የተወሰነ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ብቻ የሚሰጥ «ታይፕ ሬቲንግ» የሚባል ብቃት አለ። ቦይንግ 737 የሚያበር ሰው ተነሥቶ ኤርባስ 320 ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ለዚያኛው ራሱን የቻለ ሥልጠና ወስዶ በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን መሬት ላይ አስመስሎ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ተፈትኖ ማለፍ አለበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፈቃድም እንደ ሰው ዜግነት ያለው መሆኑን ነው። የአሜሪካ ፈቃድ በአሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን ለማብረር ነው፤ የኢትዮጵያው ለኢትዮጵያ፣ የአውሮፓው ለአውሮፓ። ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን ማኅተም በማስመታት ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ለምሳሌ የአሜሪካ የንግድ ፈቃድ ያለው ወጣት ጀርመን ወይም ጣሊያን ሄዶ በአየር መንገድ ልብረር ቢል፣ የአውሮፓውን የአየር መንገድ አብራሪ የንድፈ ሐሳብ ፈተናዎች፣ አሥራ ሦስቱንም የትምህርት ዓይነቶች፣ ተቀምጦ ማለፍ፣ የአውሮፓን የጤና ማረጋገጫ ማግኘትና እንደገና በበረራ መፈተን ይጠበቅበታል። ስለዚህ «ርካሽ ስለሆነ» ብቻ በአንድ አገር ተምሮ በሌላ አገር ለመቀጠር ማቀድ፣ የማዛወሪያው ወጪና ጊዜ ሲደመርበት፣ ርካሽነቱን ይዞት ይሄዳል።

ገንዘብ ከመክፈልም፣ ቤት ከመሸጥም አስቀድሞ መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ። ደመወዝ ለሚከፈልበት በረራ የሚያስፈልገው ይህ ሲሆን፣ የሚሰጠውም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ በሾማቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። መነጽር ማድረግ በራሱ አያስጥልም፤ ዓይን በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር ከተወሰነው መጠን እስከደረሰ ድረስ ተቀባይነት አለው። ቀለማትን መለየት አለመቻል፣ የሚጥል በሽታ ታሪክ፣ አንዳንድ የልብ ሕመሞች ግን በሩን ሊዘጉት ይችላሉ። ቀይና አረንጓዴን በትክክል እንደማይለይ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ሳያውቅ የሚኖር ወንድ ጥቂት አይደለም፤ ይህን ከክፍያ በፊት ማወቅ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ከክፍያ በኋላ ማወቅ ግን የቤተሰብ ሐዘን ነው።

ቦሌ

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ወጣት ዋናው መንገድ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የአብራሪዎች ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ። ዛሬ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ይዟል፤ ውስጣዊ አሠራሩ ግን ያው ነው፦ ኩባንያው ማስታወቂያ ያወጣል፣ በጽሑፍ ፈተና፣ በእጅና ዓይን ቅንጅት ፈተና፣ በቃለ መጠይቅና በጤና ምርመራ ያበጥራል፣ ያለፉትን ያሠለጥናል፣ ከዚያም ይቀጥራል። ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የበረራ መርሕና የአቅጣጫ ስሌት ይማራል፤ በትናንሽ አውሮፕላኖች ይበራል፤ በመጨረሻም ወደ ትልልቆቹ ሲሙሌተሮች ይገባል። ከዚያ የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በሚሠራው ኪው 400 ወይም በቦይንግ 737 ላይ ነው፤ ምደባውን የሚወስነው ኩባንያው እንጂ ሠልጣኙ አይደለም።

በከፍታ ቦታ መማር የሚሰጠውን ነገር በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ሲወራ ፈጽሞ የማይነሣ ነጥብ ነውና። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ «መደበኛ» የሚባለው የሙቀት መጠን ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በመጋቢት ቀትር ላይ ግን ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዷ ተጨማሪ ዲግሪ አየሩን ይበልጥ ስስ አድርጋ፣ አውሮፕላኑ 36 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደቆመ እንዲሰማው ታደርገዋለች። ሃያ አምስቱን በ36 ብናባዛው 900 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ መሬት ላይ የቆመው ትንሽ አውሮፕላን ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩት 3,200 ሜትር ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያ አየር ውስጥ ከጉልበቱ ሩቡን፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ያጣል። ትንሹ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሴስና 172 በባሕር ዳርቻ ከተማ በደቂቃ ከ700 ጫማ በላይ ሲወጣ፣ እዚህ ከግማሽ በታች ይወጣል። ሠልጣኙ ከመነሣቱ በፊት ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ በእጁ እየቀነሰ ሞተሩ በጥሩ ሁኔታ የሚዞርበትን ነጥብ በጆሮውና በመለኪያው መፈለግ አለበት፤ ይህን ካልሠራ አየሩ ስስ ሆኖ ሳለ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል። ሲያርፍ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) እያለው በእውነተኛው ፍጥነት 76 ኖት ገደማ እየሄደ ነው፤ ስለዚህ መንደርደሪያው ከለመደው በላይ ሲሮጥበት ያያል። በባሕር ጠለል ላይ በሚገኝ፣ በጠፍጣፋ አገር የተማረ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ እዚህ የተማረው ግን በወንበሩ ላይ ተሰምቶታል።

በኩባንያ ወጪ የመማር ዋጋው የግዴታ አገልግሎት ነው። ሠልጣኙ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል፣ ካልሆነም የሥልጠናውን ወጪ ለመክፈል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። ዋስ ሆኖ የሚፈርመው አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ነው፤ ሰነዱን ሳያነብ «ለልጃችን ነው» ብሎ ይፈርማል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 የዋስትና ውል ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ ዋሱ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በሰነዱ ላይ ያንን ቁጥር ፈልጎ ማግኘትና፣ «ይህን ያህል ገንዘብ ከእኔ ቢጠየቅ ከየት አመጣለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ወጣቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመሄድ ሲያስብ፣ ውሉን ቢያፈርስ ዕዳው አጎቱ ደጃፍ ላይ እንደሚያርፍ ከወዲሁ ይወቅ።

አገር ውስጥ በግል ከፍሎ መማርም ይቻላል። ሆኖም የአገሪቱ ትልቁ ቀጣሪ አብራሪዎቹን በአብዛኛው የሚያወጣው ከራሱ ማሠልጠኛ ነው፤ የተቀሩት በቻርተር (በኪራይ በረራ) እና በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚሠሩ ጥቂት ድርጅቶች ናቸው። በግል የሚከፍል ሰው መጀመሪያ እነዚያን ድርጅቶች አንድ በአንድ ዞሮ «ባለፉት ሁለት ዓመታት 200 ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ቀጥራችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም የትምህርት ቤት ብሮሹር የተሻለ መረጃ ያገኛል።

1,500 ሰዓት

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተለየ ነው፤ ልዩነቱም የመጣው ከአንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ ኪው 400 አውሮፕላን ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ ማንሳፈፍ ሊያቅተው እንደሆነ ሲያስጠነቅቅ፣ ካፒቴኑ አፍንጫውን ወደ ታች ከማድረግ ይልቅ መሪውን ወደ ራሱ መሳቡ ነበር። የሟቾቹ ቤተሰቦች ባደረጉት ግፊት ኮንግረሱ በ2010 ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም በአሜሪካ የመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ በመርሕ ደረጃ 1,500 ሰዓት ግዴታ ሆነ። እውቅና ካለው ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በ1,000፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው በ1,250፣ ከጦር ኃይል የመጣ በ750 ሰዓት ሊገባ ይችላል።

ተማሪ የንግድ ፈቃዱን የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ250 ሰዓት አካባቢ ነው። የቀረውን 1,250 ሰዓት ማን ይከፍልለታል? የተለመደው መልስ ራሱ አስተማሪ ሆኖ፣ ሌሎች ተማሪዎች በከፈሉበት አውሮፕላን ላይ እየተቀመጠ ሰዓት ማጠራቀም ነው። በወር 60 ሰዓት ቢበር 21 ወር ይፈጅበታል፤ ክረምቱ ከከበደ፣ ተማሪ ከጠፋ ወይም አውሮፕላኑ ጥገና ከገባ ደግሞ ከዚያ በላይ። የቤት ሻጩ አባት ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኤም-1 በሚባለው የሙያ ተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ለዚያን ያህል ጊዜ በአስተማሪነት ተቀጥሮ የመሥራት ፈቃድ የለውም። 250 ሰዓትና የአሜሪካ ፈቃድ ይዞ፣ አሜሪካ ሊቀጥረው ሳይችል፣ አገር ቤትም ሊዛወር የሚገባው ወረቀት ታቅፎ ይመለሳል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ አማካይነት የመኖሪያ ፈቃድ ላገኘ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ላደገ ልጅ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ እርሱ አስተማሪ ሆኖ መቀጠር፣ ከዚያም ወደ ክልላዊ አየር መንገድ መግባት ይችላል። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን ዜግነት እስካላገኘ ድረስ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩ በኩል የጀርባ ታሪኩ መጣራት እንዳለበት ይወቅ፤ ይህን ሳይጨርሱ ቅድሚያ ክፍያ መፈጸም ጥሩ አይደለም።

አሜሪካ ላይ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት አለ። አንደኛው ሥርዓተ ትምህርቱ በመንግሥት የጸደቀና ደረጃ በደረጃ የሚኬድበት ሲሆን፣ ሌላው ከአስተማሪ ጋር በመስማማት በሚመች ሰዓት የሚማሩበት ነው። ሁለተኛው ሥራ እየሠራ፣ ኡበር እየነዳ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ከኪሱ እየከፈለ ለሚማር ሰው ይመቻል፤ ይረዝማል፣ ዕዳ ግን የለበትም። የተፋጠነው ፕሮግራም ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። 110 ሺህ ዶላር በ10 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ 1,450 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላው ከ174 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። የአስተማሪነት ደመወዝ ይህን ክፍያና የቤት ኪራይ አንድ ላይ መሸከም ያቅተዋል። በግሌ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ያለ ዕዳ የሚደርሰው ይሻለኛል እላለሁ፤ የማይስማሙኝ አሉ፤ በአሜሪካ አየር መንገዶች ውስጥ መስመርም፣ ዕረፍትም፣ የካፒቴንነት ተራም የሚታደለው በተቀጠሩበት ቀን ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ቀድሞ መግባት ለሙሉ ዘመን የሚከፍል ነው ይላሉ። ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋው ግን ቅጥሩ ሞቅ ባለበት ጊዜ ነው።

ስለ ሰዓት ቁጥር ሲነሣ አንድ ሐዘን ሳይጠቀስ አይታለፍም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም 157 ሰዎችን ይዞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ ረዳት አብራሪ የነበረው የበረራ ሰዓት 361 ነበር። በውጭ አገር አንዳንዶች ይህን ቁጥር አንሥተው ጣታቸውን ወደ ሥልጠናችን ቀሰሩ። ካፒቴኑ ግን ከ8,000 ሰዓት በላይ ነበረው፤ አውሮፕላኑንም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ይደፋው የነበረው በአንድ የተበላሸ ጠቋሚ መረጃ የሚነሣ፣ ማክስ የተባለው አውሮፕላን በመላው ዓለም ከ20 ወር ላላነሰ ጊዜ እንዲታገድ ያደረገ የአምራቹ ሶፍትዌር ነበር። በሌላ በኩል የ1,500 ሰዓቱን ሕግ ያስወለደው የኮልጋን አደጋ ካፒቴን 3,379፣ ረዳቱ 2,244 ሰዓት ነበራቸው፤ ሁለቱም በአዲሱ ሕግ ሚዛን ቢሰፈሩ ያልፉ ነበር። ሰዓት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በፀሐያማ ሰማይ ላይ በአንድ ሞተር አውሮፕላን አንድ ክብ ሺህ ጊዜ መዞርና፣ ጥሩ ሲሙሌተር ውስጥ አንድ ሞተር በጠፋበት፣ ጭስ በገባበት፣ ሁለት ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በሚነጋገሩበት ሁኔታ 200 ሰዓት መሥራት በመዝገቡ ላይ በአንድ ዓምድ ቢጻፉም አንድ አይደሉም። ኤም ፒ ኤል የሚባለው፣ ኢካኦ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀው የቡድን አብራሪ ፈቃድ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፦ ቢያንስ 240 ሰዓት፣ ከዚህም ብዙው በሲሙሌተር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሁለት ሰው ሥራ የተዘጋጀ። ችግሩ ፈቃዱ ከአንድ አየር መንገድ ጋር የተቆራኘ መሆኑ ነው፤ አየር መንገዱ መካከል ላይ ቅጥር ቢያቆም ሠልጣኙ በትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ሠርቶ እንኳ የማይበላበት ወረቀት ይዞ ይቀራል።

ስለ አውሮፓ ባጭሩ። እዚያ ለሚኖሩና የመሥራት መብት ላላቸው ወጣቶች ሁለት መንገድ አለ፦ በአንድ ትምህርት ቤት ከዜሮ እስከ መጨረሻው የሚኬድበትና፣ ደረጃዎቹን ከፋፍሎ ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የሚገዛበት። የመጀመሪያው ይወደዳል፣ ይፈጥናል፤ ሁለተኛው ይረክሳል፣ ብዙ ራስን መግዛት ይጠይቃል። በሁለቱም የሚወጣው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ከአሜሪካ በተለየ በ200 ሰዓት ገደማ ረዳት አብራሪ መሆን ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንድ አየር መንገዶች የታይፕ ሬቲንጉን ወጪ አዲሱን ተቀጣሪ ያስከፍላሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይሳይድ አቪዬሽን፣ በ2024 ደግሞ ኤፍ ቲ ኤ ግሎባል የተባሉት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪዎች የከፈሉት ገንዘብ አደጋ ላይ ወድቋል። ስለዚህ የትኛውም ትምህርት ቤት «ሙሉውን አስቀድመህ ብትከፍል ቅናሽ አለ» ሲል ቅናሹን መተው ይሻላል፤ በየበረሩበት መክፈል ነው።

ባሕረ ሰላጤው ለጀማሪ ሩቅ ነው። ዱባይ ውስጥ ኤሚሬትስ የከፈተው፣ ሲረስ ኤስ አር 22 እና ፌኖም 100 የሚባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩበት ማሠልጠኛ ከሌላ አገር የመጡ ከፋዮችንም ይቀበላል፤ እዚያ መማር ግን እዚያ መቀጠር ማለት አይደለም። የእነዚያ አገሮች ትልልቅ አየር መንገዶች ለራሳቸው ዜጎች የተለየ ፕሮግራም አላቸው፤ ከውጭ የሚቀጥሩት በአብዛኛው በጄት ላይ ብዙ ሰዓት ያለውን ነው። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ዱባይና ዶሃ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ አየር መንገድ ጉዳይ ናቸው።

የመጀመሪያው አየር መንገድ

ምርጫ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ትልቁ አውሮፕላን ነው። ኤርባስ ኤ350 ላይ በዩኒፎርም የተነሡት ፎቶ ለእናት ቢላክ ደስ ይላል። ለጀማሪ ግን በቀን አራት ጊዜ የሚያርፈው አውሮፕላን የተሻለ አስተማሪ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ፣ ከቀትር በኋላ ላሊበላ ወይም አክሱም የሚሄድ የኪው 400 ረዳት አብራሪ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይነሣል፣ አራት ጊዜ ያርፋል፤ በየተራው ከካፒቴኑ ጋር ቢካፈል እንኳ ሁለቱ የእርሱ ናቸው። በተራሮች መካከል ይወርዳል፣ የክረምት ደመና ይጋፈጣል፣ ነፋሱ በጎን ሲገፋው መሪውን እንዴት እንደሚይዝ እጁ ይማራል። ረጅም መስመር የሚበር ረዳት አብራሪ ግን ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች በሚፈራረቁበት በረራ ላይ በወር የሚያርፈው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀውን፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ፣ ለማሟላት ሲሙሌተር የሚገባበት ጊዜም አለ። በሰዓት መዝገቡ ላይ ያኛው ይበልጣል፤ በእጅ ሥራ ይኼኛው። በሌላ በኩል በተርቦፕሮፕ (እንደ ኪው 400 በፕሮፔለር በሚበር አውሮፕላን) ብቻ የተሞላ መዝገብ የጄት ሰዓት ለሚጠይቁ ቀጣሪዎች እንደማይበቃም መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ሲጠይቁ «ከዚህ አውሮፕላን ወደ ጄት የሚዛወሩት በተራ ነው? ስንት ዓመት ይወስዳል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ከሰው ኃይል ክፍል ይልቅ ባለፈው ዓመት ከተዛወረ ሰው መስማት ይሻላል።

ከዚያ ውሉ። አንድ ምሳሌ እናስላ። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው፦ የግዴታው ጊዜ ሦስት ዓመት፣ የሥልጠናው ወጪ 900 ሺህ ብር ይሁን። ውሉ «ዕዳው ባገለገለበት ጊዜ መጠን ይቀንሳል» የሚል ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚለቅ ሰው 300 ሺህ ብር ይከፍላል። «የአገልግሎት ዘመኑን ሳይጨርስ የለቀቀ ሙሉውን ይከፍላል» የሚል ከሆነ ግን ሠላሳ አምስተኛው ወር ላይ የሚለቀውም 900 ሺህ ይከፍላል። ልዩነቱ በአንድ መሥመር ውስጥ ያለ ነው። የግዴታው ዘመን መቁጠር የሚጀምረው ከመቼ እንደሆነም ይታይ፦ ሥልጠና ከተጀመረበት ቀን፣ ከተመረቁበት ቀን፣ ወይስ በረዳት አብራሪነት ለብቻ ከተለቀቁበት ቀን? አዲስ የአውሮፕላን ዓይነት በተማሩ ቁጥር ግዴታው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል ወይስ ይደመራል? ኩባንያው ራሱ ቅጥሩን ቢያቋርጥ ወይም አብራሪው በጤና ምክንያት ፈቃዱን ቢያጣ ዕዳው ይሰረዛል? ይህ የመጨረሻው በተለይ ለዋሱ ቁም ነገር ነው።

አንዳንድ አገር ደግሞ ጀማሪው ደመወዝ ሊቀበል ሲገባው ራሱ ከፍሎ መንገደኛ በተሳፈረበት አውሮፕላን ላይ 300 ወይም 500 ሰዓት «እንዲገዛ» የሚያደርጉ ደላሎች አሉ። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ወንበሩ ለሚቀጥለው ከፋይ ይሰጣል። ከዚህ የሚገኘው መዝገብ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ቀጣሪ እንዴት እንደተገኘ መጠየቁ አይቀርም፤ የገዛው ሰው ባዶ ኪሱን ይዞ እንደገና ወረፋ ይገባል። ከእንዲህ ዓይነቱ መራቅ ነው።

በመጨረሻ፣ ገና ሳይገቡ ስለ መውጫው ይጠየቅ። አብራሪ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አዲሱ አገር የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለቀድሞው አገር ባለሥልጣን ጽፎ ፈቃዱ እውነተኛና ያልታገደ መሆኑን ያጣራል፤ አዲሱ ቀጣሪም የሥራ ልምድ ማስረጃና የሲሙሌተር ፈተና ውጤቶችን ይጠይቃል። እነዚህ ወረቀቶች በቀድሞው ኩባንያ መዝገብ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ክሊራንስ ሳይጨርሱ ደግሞ መልቀቂያ አይገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ በረራ ጀምሮ እያንዳንዱን ፈተና፣ እያንዳንዱን የሲሙሌተር ቅጽ፣ በካፒቴን የተፈረመበትን የመዝገብ ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሥቶ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ ውሉን ከመፈረም በፊት ደግሞ መልቀቂያ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ፣ በማን ፊርማ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ማስመለስ ያስፈልጋል።